አያ ጓንጉል የገናውን ሜዳ እንዴት እንደሞላው

አያ ጓንጉልን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም፤ ስለ እሱ የማያወራ ግን አይገኝም። እኔ ከአባቴ የሰማሁትን፣ አባቴም ከአባቱ የሰማውን ነው የምነግራችሁ። የጨመረበት ካለ አባቴ ነው።

አያ ጓንጉል በጉብዝናው ጊዜ የገና ተጫዋች ነበር። ጉልበቱ ሲከዳው ዱላውን ለጎረምሶች ትቶ፣ ጥንግ የምትባለዋን የእንጨት ድቡልቡል በሁለቱ ወገን መሀል የሚጥል ሽማግሌ ሆነ። ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው ያንን ሜዳ ነበር፤ ሚስቱ ግን ሜዳው ነው የሚቀድመው ትል ነበር።

ፊታውራሪ ወሰኔ ገዥ ሆነው ከመጡ ወዲህ ሜዳው ቀዘቀዘ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ በዚያን ቀን ሎሌ ጌታውን በግጥም ቢሰድብ አይጠየቅም። ፊታውራሪ ግን በመጡበት ዓመት የሰደባቸውን ይዘው አስገረፉ። ከዚያ ወዲያ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጎረምሶች ብቻቸውን ሲራኮቱ ይውላሉ እንጂ ተመልካች የሚባል ጠፋ። ፊታውራሪም ባዶውን ሜዳ አዩና ገብስ ሊዘሩበት ቋመጡ።

አያ ጓንጉል ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ሰዉ ለምን እንደቀረ በየደጁ እየዞረ ጠየቀ። አንዱ ብርዱን አመካኘ፣ አንዱ ወገቡን። እውነቱን የነገረችው አንዲት ጠጅ ሻጭ ብቻ ነበረች፤ እንጨት በእንጨት ሲመታ ለማየትማ እንጨት ፈላጭ ጎረቤት አለኝ፣ እኛ የምንወጣው ስድቡን ልንሰማ ነበር አለችው።

በነጋታው ፊታውራሪ ዘንድ ቀርቦ ሜዳውን እንዲተዉለት ለመነ። ፊታውራሪም፣ በመጪው ገና ሜዳው በሰው ከሞላ እተወዋለሁ፣ ካልሞላ በማግስቱ በሬ ይገባበታል ብለው ቆረጡ። አያ ጓንጉል እጅ ነሥቶ፣ እንግዲያው በዚያን ቀን ቢሰደቡ እንደማይቆጡ ይማሉልኝ አለ። ፊታውራሪ ከት ብለው ሳቁ፤ ባዶ ሜዳ ላይ ማን ሊሰድበኝ ነው ብለው በሰው ፊት በንጉሥ ስም ማሉ። ሲወጣ አንድ አሽከር፣ ሜዳ ልታድን መጥተህ መሐላ ብቻ ይዘህ ትሄዳለህ ወይ ብሎ ተሳለቀበት። አያ ጓንጉልም፣

«ገበያ ያለ ዕቃ አይወጣም ልጄ፤ አሁን ዕቃዬን አገኘሁ» አለው።

ከዚያ አዝማሪ እሸቴ ዘንድ ሄደ። ከላይ ሰፈር አንድ፣ ከታች ሰፈር አንድ ጎበዝ መርጦ፣ የሁለቱን ግጥሚያ በየጠጅ ቤቱ እንዲያንጎራጉርለት ለመነው። እሸቴ ግራ ገባው። ያልተደረገ ጨዋታ እንዴት ይዘፈናል፣ ገና ይለፍና ያሸነፈውን አወድሳለሁ አለ።

«ያለፈውንማ ያየው ሁሉ ያወራዋል፤ አንተን የፈለግሁህ ላልመጣው ነው» አለው አያ ጓንጉል።

ቀጥሎ የሄደው ጨርቅ ነጋዴው ቢልልኝ ጋ ነው። ቢልልኝ ዝንብ ማሩን ብትቀምስበት እግሯን ልሶ የሚለቃት ቋጣሪ ነበር። አያ ጓንጉል ለተጫዋቾቹ የራስ ማሰሪያ ስጥ፤ አገር ሁሉ እነሱን ሲያይ ያንተንም ጨርቅ ያያል አለው። ቢልልኝ ለላይ ሰፈር ብሰጥና ቢሸነፉስ፣ የተሸናፊ ጨርቅ ማን ይገዛኛል ብሎ አንገቱን ነቀነቀ።

«ለላይ ቀይ፣ ለታች ሰማያዊ ስጥ። ማንም ቢሸነፍ ያሸነፈው ያንተ ጨርቅ ነው።»

ቢልልኝ ጣቃውን ፈታ። ሚስቱ አሞታል ብላ ጠበል ልትወስደው ነበር አሉ።

የወንዝ ማዶ ሰዎች ግን እንደ ድሮው እንቢ አሉ። ስንት ጊዜ ቢለመኑም ውርጩ ላይ ምን እንሠራለን አሉ። አያ ጓንጉል ቅዳሜ ገበያ መሀል ቆሞ፣ ዘንድሮ ሜዳው ስለማይበቃ የወንዝ ማዶ ሰው እንዳይመጣብን ብሎ ለፈፈ። ሰኞ ወንዝ ማዶ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ከሰሰው፤ የአባቶቻችን ሜዳ ነው፣ ማን ከልካይ አደረገው አሉ። ዳኛው ተቆጥተው ምን ትላለህ አሉት።

«ጌታዬ፣ ኑ ብዬ ስንቴ ብለምን አንድ ሰው አጣሁ፤ አትምጡ ብል ይኸው እርስዎ ድረስ መጡልኝ። እንግዲህ ይፍረዱባቸውና ይምጡ።»

ዳኛው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ በገና ዕለት አንድም ሳይቀሩ እንዲገኙ ፈረዱ።

ገና ደረሰ። አያ ጓንጉል በጠዋት ሜዳው ዳር ቆሞ፣ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ቢቀርስ ብሎ ፈርቶ ነበር። ፀሐይ ሞቅ ሲል ግን መሐላውን የሰማው ሰው ሁሉ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ቀይና ሰማያዊ ያሰሩት ጎረምሶች ሲፋለሙ እሸቴ ማሲንቆውን ይገዘግዛል፤ ጠጅ ሻጯም ጋኗን አስጭና መጥታለች። ፊታውራሪ ከመቀመጫቸው ላይ ሆነው ሕዝቡን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ከላይ ሰፈር አንዱ ጀመረው፦

«ጌታችን ደገሱ፣ ሰማነው በወሬ፤
ሽታው እኛ ደርሶ፣ ተመለሰ በሬ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የታች ሰፈሩ ተቀበለ፣ ወንዝ ማዶም ጨመረበት። የፊታውራሪ አሽከሮች ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ፊታውራሪ መሐላቸው አስሯቸው ከንፈራቸውን እየነከሱ እስከ ማታ ዋሉ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ አያ ጓንጉልን አስጠሩት። ሰዉ ዙሪያውን ከበበ።

«አንተ ጓንጉል፣ ሜዳው መሙላቱን አልክድም» አሉ። «ግን የመጡት ገናውን ሊያዩ አይደለም፤ እኔን ሊሰድቡ ነው። ውላችን ስለ ገና ጨዋታው ነበርና ነገ አርሰዋለሁ።»

አያ ጓንጉል ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«በሬዎን ይጥመዱ ጌታዬ። ብቻ እስከ ዛሬ ስድባችንን በዓመት አንድ ቀን እዚህ ሜዳ ላይ አራግፈን ነበር የምንገባው፤ ከእንግዲህ በየትኛው ቀንና በየትኛው ደጅ እንድናራግፈው እንደሚያዙን ይንገሩን።»