አዳራሹ በማን ስም ይጠራ?

በአንድ ወቅት፣ ስሟን ብጠራው ሰዎቿ በሚቀየሙኝ አንዲት ከተማ፣ ሁለገብ የተባለ ትልቅ አዳራሽ ተሠራ። ቅዳሜ መረብ ኳስ ይጫወቱበታል፣ እሑድ ይዘፈንበታል፣ በመሃል ደግሞ ስብሰባ የማይካሄድበት ሳምንት የለም። ባለሥልጣናቱ ሲያስመርቁት «የምሥራቅ አፍሪካ ኩራት» አሉት። ኩራቱ ገና በሁለተኛው ክረምት ከጣሪያው ያንጠባጥብ ጀመር።

ጠብታውን ከማንም በፊት ያየችው ወለሉን የምታጸዳው ደብሪቱ ናት። ደብሪቱ ሰው አይጥማትም። ስፖርተኞቹን ላባቸውን ወለል ላይ የሚያራግፉ ከብቶች፣ ዘፋኞቹን ጠርሙስ ጥለው የሚሄዱ ዱርዬዎች፣ ባለሥልጣናቱን ደግሞ ጫማ መጥረግ የማያውቁ ባለ ከረባቶች ትላቸዋለች፤ በልቧ ብቻ ሳይሆን በአፏም። ሆኖም ሄዳ ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እርስዎ ወለሉን ይዩ፤ ጣሪያውን መሐንዲሶች ያዩታል» አላት።

«እሺ፣ ይዩታ!» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ጠብታው እየወፈረ ሲሄድ እያየች ትንፍሽ አላለችም። ከሥሩ ባልዲ አስቀመጠች፤ ሲሞላ ደፋች። ለእነዚህ ሰዎች ዳግመኛ አፏን መክፈት ውርደት መሰላት።

ሐምሌ ውስጥ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ምንያህል የተባለ ዝነኛ ዘፋኝ መጣ። አዳራሹ የሚይዘው ሁለት ሺህ ሰው ነው። ምንያህል ግን «ባዶ ቦታ እያየሁ አልዘፍንም» ብሎ በመተላለፊያው ሁሉ ወንበር አስደረደረ፤ ሦስት ሺህ ሰው ገባ። ዘበኛው ጓንጉል ከአራቱ በሮች ሦስቱን በሰንሰለት ቆለፋቸው። ማንም አላዘዘውም፤ ከበር በር መዞር ስለሰለቸው ነው። ቁልፎቹንም ቤቱ ረስቷቸው መጥቷል። የመብራት ሠራተኛው ሽመክት ደግሞ ከመድረኩ ጀርባ የተላጠ ገመድ በፌስታል ጠቅልሎ «ለጊዜው ነው» ካለ አራት ወር ሆኖታል። ደብሪቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች። መወልወያዋን ተደግፋ ሦስቱንም ሰዎች በየተራ አየቻቸውና ከንፈሯን አጣመመችባቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በረዶ ወረደ። ጣሪያው ከብዶት በመድረኩ በኩል ጎበጠ፤ ውሃው እየተንዠቀዠቀ ፌስታሉ ላይ ወረደ፤ ገመዱ የእሳት ፍንጣሪ መትፋት ጀመረ። አንዱ «እሳት!» ብሎ ጮኸ።

ሽመክት አልሸሸም። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ደርሶ ሳለ ገብቶ ዋናውን ማጥፊያ ጎትቶ አወረደው። ኤሌክትሪኩ አንስቶ ከግድግዳ አላተመው፤ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ነደደ። ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ የመድረኩን የብረት አጥር ተደግፈው የነበሩት መቶ ያህል ሰዎች እዚያው በቀሩ ነበር።

አዳራሹ ጨለመ። ሦስት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንዲቱ በር ዞረ። የምንያህል ጠባቂዎች ሕዝቡን ገፍተው ሊያስወጡት ሲጎትቱት እጁን አስለቀቀና መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ተቀመጡ! ይኸው እኔም ተቀምጫለሁ» አለ ያለ ማይክ። ከዚያ እሹሩሩ ጀመረ፤ ያው ሕፃን የሚባበልበትን። የፊተኞቹ ተቀበሉት፣ የኋለኞቹ ጸጥ አሉ። በዘፈኑ መሃል «ሕፃን የያዛችሁ ቅደሙ፤ አሁን በግራ ያላችሁ» እያለ በየረድፉ አስነሳቸው። ጣሪያው ከአናቱ በላይ ሲንቋቋ እየሰማ ንቅንቅ አላለም።

ጓንጉል ውጭ ነበር፤ እግሬ አውጪኝ ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን የብረት ዘንግ ይዞ መጣና ሰንሰለቶቹን አንድ በአንድ ሰበራቸው። በመጨረሻው በር ላይ መቃኑ ከላይ ሲወርድ ትከሻውን ከሥሩ አስገብቶ ቆመ፤ ሰዉ በብብቱ ሥር እየሾለከ ወጣ። ምንያህልና ደብሪቱ ሽመክትን ደግፈው ሁሉንም ተከትለው ወጡ። ጓንጉልን ጎትተው እንዳወጡት ጣሪያው በባዶ ወንበሮች ላይ ተደረመሰ። አንድም ሰው አልሞተም። የጓንጉል ትከሻ ግን ተሰበረ፤ ዛሬም ቀጥ ብሎ አይሄድም።

አዳራሹ እንደገና ሲሠራ፣ ሕዝቡን ባዳነው ሰው ስም እንዲጠራ ተወሰነ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስቱም ቀረቡ፤ ደብሪቱም ሁሉን በዓይኗ ያየች ምስክር ተብላ ተጠራች።

«እኔ ኤሌክትሪኩን ባላጠፋው ዘፋኙም ከነዘፈኑ አመድ ነበር» አለ ሽመክት።

«በሩ ባይከፈት በየት ሊወጡ ነው? ዘፈን ግድግዳ ይበሳል?» አለ ጓንጉል።

ምንያህልም «ሰዉ ባይረጋጋ እኮ በሩ ላይ ይረጋገጥ ነበር» አለ።

ደብሪቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከስድብ ይከፋ ነበር። «እናንተ ናችሁ ስም የምትሹት? አንተ በፌስታልህ፣ አንተ በሰንሰለትህ፣ አንተ በወንበርህ! ሰውን ገደል ከትታችሁ፣ ስላወጣችሁት ልትወደሱ?»

«እንግዲያው ለማንም አይገባም ነው የሚሉን፣ እትዬ?» አላት ሰብሳቢው።

ልትመልስ አፏን ከፈተች። ዓይኗ የሽመክት ኩምትር ያለ እጅ ላይ አረፈ፤ ከዚያ የጓንጉል ትከሻ ላይ። ያ እሹሩሩም ከጆሮዋ አልወጣም። ንቀቷ አንዲትም ጠብታ አልቀነሰም፤ ግን ጣቷን ወደ ራሷ ቀሰረች።

«እኔም እያወቅኩ ዝም ብያለሁ» አለች። «ስለናቅኋችሁ። ከእኔ ፍርድ አትጠብቁ።» ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች።

አንድ የኮሚቴ አባል «በሥራ አስኪያጁ ስም ብናደርገውስ?» አለ። ደብሪቱ ከበሩ ላይ ዞራ ስታየው ሐሳቡን መልሶ ዋጠ።

አሁን አዳራሹ አልቋል። ሰሌዳው ባዶውን ተሰቅሏል፤ ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ብሩሹን ይዞ ይጠብቃል። ኤሌክትሪኩን ያጠፋው፣ ሰዉን ያረጋጋው፣ በሩን የተሸከመው፤ ሦስቱም አጥፍተዋል፣ ሦስቱም አድነዋል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ስሙ ለማን ይገባል?