የአያ ጅቦ ብተናና የአህዪት መስመር

አንድ ጊዜ፣ አያ አንበሶ የመጨረሻ ጥርሱ ወልቆ ከሩዝ ገንፎ በቀር የሚወርድለት ነገር በጠፋበት ዘመን፣ በሐይቁ ዳር ባለው ረግረግ ሜዳ ሩዝ የሚዘሩ ሦስት እንስሳት ነበሩ፤ አህዪት፣ ቀበሮና አያ ጅቦ። ገንፎው ቶሎ ቶሎ ቢያልቅበት አንበሳ ሦስቱንም አስጠራቸው።

«አዘራራችሁ ለየቅል ነው» አላቸው። «እኩል እኩል መሬት እሰጣችኋለሁ። ምርቱን፣ ውሃውንና ጉልበቱን አይቼ እፈርዳለሁ። አሸናፊው ሜዳውን በሙሉ ያርሳል። ተሸናፊውን ደግሞ አያ ጅቦ ይብላው።»

አያ ጅቦ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ራሱም ተወዳዳሪ መሆኑ ትዝ አላለውም። አህዪት ግን ከቀበሮ ጀርባ ሸሸግ አለች፤ ጅቡ ከአሁኑ ዳሌዋን በዓይኑ ሲመትር አይታዋለችና።

የዘር ጊዜ ሲደርስ አያ ጅቦ ከዘሩ ግማሹን ቃመው፣ የተረፈውን በተነውና ጥላ ሥር ተጋደመ። «ብተና ማለት ይህ ነው! በግማሽ ቀን ጨረስኩ» አለ። ቀበሮ ችግኝ አፍልቶ ዝንጀሮዎችን ለደቦ ጠራ፤ ተክለው ሲጨርሱ «ድግሱ ሩዙ ሲደርስ ነው» ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ወንዙን ጠልፎ ማሳውን አጥለቀለቀው።

አህዪት ችግኟን በአፏ እየያዘች አንድ በአንድ በመስመር ተከለች። ታጠጣለች፣ መሬቱ ጠፈፍ እስኪል ትጠብቃለች፣ እንደገና ታጠጣለች። አረሙ ግን ፋታ አልሰጣት አለ። ወገቧ ተቆረጠ።

አያ ጅቦ በየጠዋቱ ድንበሩ ላይ ይመጣል። «እሜቴ አህዪት፣ እባክሽ አትልፊ፤ ትከሺያለሽ።»

«ለእኔ አዝነህ ነው አያ ጅቦ?»

«ለእራቴ ነው እንጂ!»

ሩዙ ሲደርስ አንበሳ ቁናውን ይዞ መጣ። ከአህዪት ማሳ ዘጠኝ ቁና ወጣ፤ ከቀበሮ ሰባት። አያ ጅቦ ግን ለአጨዳ እንደ ገባ ቀረ። ሙጃው ሩዙን ውጦት ስለነበር የቱ ሣር የቱ ሩዝ እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዷን ዘለላ ያኝክ ጀመር። በሃያኛው ቀን አንድ ቁና ይዞ ብቅ አለ። አንበሳ ቢቀምሰው እኩሌታው የሙጃ ፍሬ ነው።

«ውሃስ?» አለ አንበሳ ፊቱን አጨማዶ። ወንዙ ይሞላለት የነበረው መታጠቢያ ኩሬው ከደረቀ ሰንብቷል።

ቀበሮ እጅ ነሣ። «ጃንሆይ፣ ኩሬዎ እኔ ማሳ ውስጥ በክብር ተቀምጧል። በፈለጉ ጊዜ መጥተው ይጎብኙት።»

«ጉልበትስ?»

«የደከመችው አህያ ናት!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ወገቧን ይዩት! ተሸንፋለች!»

የአህዪት ጆሮዎች ወደቁ። በጣም ፈራች፤ መዋሸት ደግሞ አታውቅበትም። «እውነት ነው ጃንሆይ፣ አርባ ቀን ለፍቻለሁ» አለች በሰለለ ድምፅ። «ግን ለዘጠኝ ቁና ነው። አያ ጅቦ ለአንዲት ቁና ሃያ ቀን አኝኳል። ዘጠኝ ቁና ቢፈልግ እኮ ግማሽ ዓመት ሊያኝክ ነው።»

አንበሳ በጥፍሮቹ ቆጠረ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ቆጠረ። «ሜዳው የአህዪት ነው። ቀበሮ ኩሬዬን ይመልስ። የተሸነፈው አያ ጅቦ ነው፤ እንደተባለውም አያ ጅቦ ይብላው።»

«እሺ!» አለ አያ ጅቦ አፉን እየጠረገ። «የታል?»

«አንተ ነህ።»

አያ ጅቦ እግሩን አየ፣ ሆዱን አየ። «ከየት ልጀምር?» አለ።

አህዪትን ግን አሳዘናት። «ከጭራህ ጀምር» አለችው፣ እንደማይደርስበት ስለምታውቅ። አያ ጅቦ ጭራውን ሊነክስ ዞረ። ጭራውም አብሮት ዞረ። እስከ ክረምት ድረስ እዚያው ማሳው ላይ ሲሽከረከር ከረመና ሙጃው ተረግጦ ጠፋ፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ለተከላ የተመቸ ሆነ። አህዪትም ችግኟን ይዛ ከኋላ ከኋላው ትከተላለች።

«አያ ጅቦ፣ ያ ጥግ ገና አልለሰለሰም፤ ወደዚያ ዞር በልልኝ።»

«እሺ እሜቴ፤ ግን ቶሎ በይ፣ አሁን ልይዘው ነው!»

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላው ላይ በሚታወጅ ቅጣት ከማጨብጨባችን በፊት ዞር ብለን የራሳችንን ማሳ ማየት እንዳለብን ነው።