በበሩ በኩል የምትቀመጠዋ ደሪቶ ሰፊ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ቅዳሜን የምትጠብቅ።

ቅዳሜን ማን የማይጠብቅ አለ ትሉኝ ይሆናል። ተማሪውም ይጠብቃል፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ይጠብቃል። የእሷ ግን ሌላ ነው። ኋላ ራሷ ስትነግረኝ፣ "ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የገዛ ድምፄን የምሰማው ስጸልይ ብቻ ነበር" አለችኝ። እስቲ አስቡት ወገኖቼ። ሳምንቱን ሙሉ ከእግዚአብሔር በቀር የምታነጋግረው የለም።

የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን የቀመሳችሁት ታውቁታላችሁ፤ ያልቀመሳችሁት ሂዱና ኅዳርን እዚያ እደሩ። በዚያ ከተማ፣ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ያሉ እናቶች ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ውስጥ እየተሰበሰቡ ደሪቶ ይሰፋሉ። ደሪቶ የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ወጣቶቹ እጃችሁን አላወጣችሁም። ደሪቶ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሠራ ብርድ ልብስ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ቆርጠው የጣሉትን ይለቅማሉ፤ የዩኒፎርም ትራፊ፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ የአሮጌ ሱሪ እግር። ያንን ገጣጥመው ፊቱን ያወጡታል። ከሥሩ አቡጀዲ፣ በመሐሉ ጥጥ። ሲያልቅ ጧሪ ለሌላቸው ሽማግሌዎችና በረንዳ ላይ ለሚያድሩ ይሰጣል። መልካም ሥራ ነው። እኔም አልነቅፈውም።

አሰፋፉ እንዲህ ነው። ደሪቶው ሰሌን ላይ ይዘረጋል። አራት ሴቶች በአራቱ ጥግ ይቀመጡና እያንዳንዷ ከራሷ ጥግ ተነሥታ ወደ መሐል ትሰፋለች። ያቺ ሴት የምትቀመጠው በበሩ በኩል ነበር፤ ነፋሱ የሚገባበት ጥግ ላይ። እዚያ ተቀመጪ ያላት የለም። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ያገኘችው ባዶ ቦታ እሱ ነበር፣ በዚያው ቀረች።

ስፌቷ ደቃቅ ነው፣ ጠበቅ ያለ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ዘነበወርቅ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብትዳስሰው "ይሄ የእትዬ ነው" ትላለች። በቀሩት ሁለት ጥጎች የሚሰፉት ስንዱና የሺመቤትም ያውቁታል።

እትዬ። ሁሉም የሚጠሯት እንዲያ ነበር። እትዬ መርፌ ያቀብሉኝ፣ እትዬ ሻይ ይውሰዱ። አክብሮት ነው፤ ታላቅን በስም መጥራት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አትቀየሙኝ። ይሄ አክብሮታችን አንዳንዴ ስንፍናችንን ይሸፍንልናል። እትዬ ካልን በኋላ ስሟን አንጠይቅም። ጋሼ ካልን በኋላ የት እንደሚያድር አንጠይቅም። አክብረን እንተወዋለን።

ስፌቱ ሲያበቃ ሴቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ እየተሳሳቁ ይሄዳሉ። እሷ ብቻዋን በወፍጮ ቤቱ በኩል ትታጠፋለች። ዘነበወርቅ ቤቷን ስንዱ ታውቀዋለች ብላ ታስባለች። ስንዱ የሺመቤት ታውቀዋለች ብላ ታስባለች። የሺመቤት ደግሞ፣ "ሰብሳቢዋ ሳታውቅ ትቀራለች?" ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ የሁሉም የነበረችው ሴት የማንም ሳትሆን ቀረች።

አንድ ቅዳሜ አልመጣችም።

"ዘመድ ጥየቃ ሄደው ይሆናል" አለች ስንዱ። የትኛው ዘመድ? ማን ነገራት? ማንም። እንዲያ ማለት ግን ይቀላል። ሦስቱ የየድርሻቸውን ሰፉና ደሪቶው የእሷ ጥግ ሳይሰፋ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣችም። ያን ዕለት ዘነበወርቅ ደሪቶውን ስትዘረጋ፣ ባልተሰፋው ጥግ በኩል ጥጡ መውጣት ጀምሯል። ቆም ብላ አየችው።

"የእትዬ ቤት የት ነው?" አለች።

ስንዱ የሺመቤትን አየች። የሺመቤት ዘነበወርቅን አየች።

"አንቺ አታውቂውም እንዴ?" አለች የሺመቤት።

"እኔማ እናንተ የምታውቁት መስሎኝ።"

ወገኖቼ፣ ስፌቷን በጣታቸው ለይተው ያውቃሉ። ቤቷን ግን አያውቁም። ከእኛ መካከል እንዲህ የምናውቀው ሰው ስንት ነው? ድምፁን ከመዘምራኑ መሐል ለይተን የምናውቀው፣ ጓዳው ግን ምን እንደሚመስል የማናውቀው ስንት አለ?

ተነሥተው ወጡ። ዘነበወርቅ ደሪቶውን ሳታስበው ታቅፋዋለች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ባለወፍጮው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ደጅ ቆሟል።

"አንዲት ሴትዮ ፈልገን ነበር" አለች ዘነበወርቅ።

"ስማቸው ማን ነው?"

"እትዬ ነው የምንላቸው።"

ሰውዬው ሳቀ። "እመቤቴ፣ እዚህ ሰፈር ያለው ሁሉ እትዬ ነው።"

"ዝም ያሉ ናቸው። ቀጠን ያሉ። ብቻቸውን ይመስለኛል የሚኖሩት።"

ይመስለኛል አለች። ሰውዬው ሳቁን ተወ። "ከዚያ ግቢ ኋላ ክፍል የተከራዩት ይሆኑ? ሰላም ሳይሉኝ አያልፉም ነበር። ሰሞኑን አላየኋቸውም። እናንተ ዘመዶቻቸው ናችሁ?"

ዘነበወርቅ "አዎ" አለች፤ ግን አንገቷን ደፍታ ነው።

የኋላ ክፍሏን አንኳኩ። ከውስጥ ሳል ተሰማ፣ ከዚያ "ግቡ" የሚል ደካማ ድምፅ። ገቡ። አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ ኩባያ። ሴትየዋ በትኩሳት ትነዳለች። ለስንቱ ብርድ ልብስ ሰፍታ የሰጠች ሴት ነጠላዋን ደርባ፣ በላዩ ካፖርቷን ጣል አድርጋ ተጠቅልላለች። ስታያቸው ልትነሣ ሞከረች፣ አቃታት።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች። "መቀመጫ የለም። ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።"

ዘነበወርቅ ደሪቶውን ዘርግታ ልታለብሳት ጎንበስ አለች። ሴትየዋ በደከመ እጇ መለሰችው።

"ተዪ ልጄ። ይሄኮ ሰው ለሌላቸው የሰፋነው ነው።"

"ግድ የለም እትዬ፣ ይልበሱት።"

"አይሆንም። ሰው የሌለው ይልበሰው። እኔ እንኳ እናንተ አላችሁኝ።"

ልትወቅሳቸው አይደለም። ልትሸነቁጣቸውም አይደለም። ከልቧ ነው። ዘነበወርቅ ይህን ስታወራኝ አልቅሳለች፤ "በሰደቡን ይሻለን ነበር" ነው ያለችኝ።

ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት እዚያ፣ ካርድ ሲወጣ ነው። እኔ ግን ስሟን አልነግራችሁም። እናንተ የምትጠይቁት ሌላ ስም አላችሁ።

ጠይቀን ቢከፋውስ ትሉኛላችሁ። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ትሉኛላችሁ። ይረዳ እንጂ። የእናቱን ሞት ያልተረዳ ልጅስ ምን ልጅ ነው? እኛ እኮ ለማናውቀው ሰው ማዘን አያቅተንም። ጨርቁን እንለቅማለን፣ ገንዘቡን እናዋጣለን፣ ሩቅ ያለውን ችግረኛ ፈልገን እንሄዳለን። የሚያቅተን ያው አጠገባችን የተቀመጠው ነው።

እናንተ ደግሞ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በር የሚከፍትላችሁ የሌላችሁ፣ እናንተንም ላናግር። ብቸኝነት ኃጢአት አይደለም፤ አትፈሩበት። ግን እባካችሁ፣ ሲያማችሁ ሰው ላኩብን። ደኅና ነኝ ብላችሁ ሸኝታችሁን ወደዚያች ክፍል ብቻችሁን አትመለሱ። ጌታ ስማችሁን ያውቀዋል፤ እኛ ግን ካልነገራችሁን አናውቅም፣ ሰነፎች ነን።

ሌሎቻችሁ፣ እስቲ አሁን ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ወደ በሩ በኩል እዩ። እዚያ ከተቀመጡት አንዱ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሳያነጋግረው ከርሞ፣ ዛሬ ሲወጣ እናንተ ሰላም ስላላችሁት ብቻ፣ "እኔ እንኳ እነሱ አሉኝ" እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እውነት እናንተ አላችሁት?