የእንዶድ በር ጋቢ ለማን ይገባል?

በአንድ ወቅት፣ ሰው ከሰው መጨባበጥ በፈራበት በዚያ በወረርሽኙ ዘመን፣ እንዶድ በር በምትባል ትንሽ ከተማ ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ የእድር ዳኛ ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ምሕረቱ አስም አለባቸው። ብርድ በገባ ቁጥር ጉንፋን ይጥላቸዋል፤ አምና ሆስፒታል ተኝተው ለጥቂት ነው የተረፉት። ዘንድሮ ግን የሆስፒታሉን አልጋ ሁሉ ወረርሽኙ ይዞታል።

«አሁን ብታመም የት ልታስተኚኝ ነው?» ይሏቸዋል አቶ ምሕረቱ እየቀለዱ። ወይዘሮ ትርንጎ ይስቃሉ፤ ጓዳ ገብተው ደግሞ ያለቅሳሉ።

ብርዱ ሳይገባ በአገሩ ሁሉ የጉንፋን ክትባት እንዲሰጥ ታወጀ፤ ለሽማግሌዎች፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ደረታቸውን ለሚያማቸው። የእንዶድ በርን ድርሻ የጫነው ሾፌር ዘርጋው ነበር። ከተማዋ አፋፍ ላይ ሲደርስ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ወስዶታል። ክትባቱ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ደግሞ መቅለጥ ጀምሯል።

«ውሃው እስኪጎድል ጠብቅ» አሉት ወንዙ ዳር ከብት የሚጠብቁ እረኞች።

«እኔ እጠብቃለሁ፤ በረዶው ነው የማይጠብቀው» አለና ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ጫፉን አስይዟቸው፣ ሳጥኑን ተሸክሞ ገባ። ውሃው ሁለት ጊዜ ጣለው። ሳጥኑን ግን አልለቀቀም። እንዶድ በር የገባው በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ጭቃ ተጫምቶ ነው።

ክትባቱን የተረከበችው ነርስ ሲስተር ውባንቺ ትባላለች። መመሪያው በጤና ጣቢያው ስጪ ይላል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ግን በወረርሽኙ የተጠረጠሩ ሰዎች እያሳሉ ተኝተዋል። ሽማግሌን እዚያ ማሰለፍ እሳት ላይ ማሰለፍ ሆነባት። ሳጥኑን አንስታ ኳስ ሜዳ ወጣች፤ ተራ ጠባቂዎቹ ተራርቀው እንዲቀመጡም ድንጋይ ደረደረች።

አለቃዋ ደወለ። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም። ከተሳሳትኩ እኔን ያባርሩኝ።»

ድንጋዩ ተደረደረ፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን ጠፋ። አንድም ሰው! ባለወፍጮው አቶ ድንቁ «መርፌው ራሱ ወረርሽኙን ነው የሚያስገባው» ብሎ ሲያወራ ከርሟል። ወፍጮ ቤት የተወራ ደግሞ ከዱቄቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። አቶ ምሕረቱ እንኳ «እስቲ ሌላው ይቅደም» ብለው ከአልጋቸው አልነሳ አሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን አደግድገው ወፍጮ ቤት ገቡ።

«ድንቁ፣ ማን ነገረህ ይህን?»

«ሰው ነዋ፣ እትዬ።»

«ማን የሚባል ሰው?»

አቶ ድንቁ አሰበ፣ አሰበ፤ ስም አጣ። ያን ጊዜ አፈረ። ወፍጮውን አጠፋና ዱቄት እንደለበሰ ገበያው መሃል ቆመ። «ወገኖቼ፣ የማላውቀውን አወራሁ፤ አጥፍቻለሁ! ስልሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁና መጀመሪያ እኔ እወጋለሁ!» ገበያው ሳቀበት፤ አንዳንዱም «ቀጣፊ!» አለው። እሱ ግን እጅጌውን ሰብስቦ ሜዳው ላይ ተቀመጠ።

ከተወጋ በኋላ አንዱ ከሩቅ «ቀንድ አላበቀልክም?» ብሎ ጮኸ።

«ቢበቅልማ ጆንያ እሰቅልበት ነበር!»

ሳቁ ሳያባራ ሰዉ ከየበሩ ወጣ። አቶ ምሕረቱም ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳጥኑ ባዶ ሆነ።

ብርዱ መጥቶ ሄደ። አቶ ምሕረቱ አንድም ቀን ሳይተኙ ከረሙ፤ እንዲያውም ጎረቤቱን በቀልድ አስቸገሩ። እድሩ ተደስቶ አንድ ጥሩ ጋቢ አሠራ፤ ዳኛዋም ለሚገባው እንዲያለብሱ ተወሰነ።

ያኔ ክርክሩ ፈላ። «ዘርጋው ባይሻገር ምን ይወጉ ነበር? ነፍሱን ነው የሰጠው!» አሉ ወጣቶቹ። «ውባንቺ ባትኖር ጉንፋንን ሸሽተን ወረርሽኙን በሸመትን ነበር፤ እንጀራዋን ነው የሰጠችው!» አሉ እናቶች። ገበያተኛው ደግሞ «ድንቁ ባይቀድም ማን ይወጋ ነበር? ስሙን ነው የሰጠው!» አለ። «ያጠረውን እሾህ ራሱ ስላነሳ ይሸለማል እንዴ?» አሉ ሌሎቹ። «የስንቱ አጥር ነው እስከ ዛሬ ያልተነሳው?» ብለው መለሱ እነዚያ።

ወይዘሮ ትርንጎ ጋቢውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው በሦስቱ ፊት ቆሙ። ለሦስት ቢቀድዱት ጋቢ መሆኑ ይቀራል። ባለቤታቸውን ዘወር ብለው አዩ፤ አቶ ምሕረቱ ግን «ዳኛዋ አንቺ ነሽ!» ብለው ሳቁባቸው።

እናንተስ በእሳቸው ቦታ ብትቆሙ፣ ጋቢውን ለማን ታለብሱት ነበር?