ቆዳውን የመረጠው ማን ነው?

አንድ ገመድ ሠሪ ነበረ። ስሙ ቢተው ይባላል። የሚኖረው ከአንድ አምባ ግርጌ ነው። አምባው በአራቱም በኩል ገደል ስለሆነ መውጫና መውረጃው አንድ ብቻ ነበር፤ ከጫፉ እስከ ግርጌው የተንጠለጠለ፣ ከበሬ ቆዳ የተገመደ ወፍራም ገመድ። ንጉሡና ሹማምንቱ ከላይ ይኖራሉ። እህሉ፣ ውኃውና እንጨቱ ከታች ይመጣል። ይህን ሁሉ በጀርባቸው አዝለው በገመዱ የሚወጡትና የሚወርዱት የታች ሰዎች ናቸው።

ገመዱ በየሦስት ዓመቱ ይለወጣል። አዲሱ ገመድ በተሰቀለ ቀን መጀመሪያ የሚወርድበት የሠራው ሰው ራሱ ነው። ልማዱን ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ምክንያቱ ግን ለሁሉም ግልጽ ነበር። በገዛ ነፍሱ የሚወርድ ሰው በሌላው ነፍስ አይቀልድም።

ቢተው ሙያውን ከአባቱ ከተረከበ ወዲህ አራት ገመድ ሠርቷል። አንዱም አልተበጠሰም። ሰዎች ምስጢሩ እጁ ላይ ያለ ይመስላቸው ነበር። እሱ ግን፣ «እጄ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ገመዱ የሚሠራው ቆዳው ሲመረጥ ነው» ይል ነበር።

ስለዚህ ገመድ ከመሥራቱ በፊት በጋውን ሙሉ በየመንደሩ ይዞራል። በሬ ታረደ ሲባል ይሄዳል። ቀንበር አንገቱን ያደነደነውን ይተዋል። መዥገር የበሳውን፣ የገፈፈው ሰው በቢላ የጫረውን ይተዋል። በድርቅ የከሳ በሬ ቆዳም አይወስድም። ከሁሉ አብልጦ የሚጠነቀቀው ግን ለአደራረቁ ነበር። የሚፈልገው በጥላ ተወጥሮ ቀስ ብሎ የደረቀ ቆዳ ነው። ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ የደረቀ ቆዳ ላዩ ቶሎ ይጠነክርና እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ሲያዩት እንደ ጣውላ የጸና ነው፤ መሀሉ ግን በስብሷል። ይህን በዓይን መለየት አይቻልም። ቢተው ከዳሩ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ይቆርጥና ከጠዋት እስከ ቀትር ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋታል። ከዚያ ፀጉሯን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ይስባል። ፀጉሩ እምቢ ካለ ቆዳው ጤነኛ ነው። ሙልጭ ብሎ ከመጣ ግን ቆዳውን ለባለቤቱ ትቶ ይሄዳል።

አምስተኛው ገመድ በሚሠራበት ዓመት አዲስ የግምጃ ቤት ሹም ተሾመ። ሹሙ ደንብ የሚወድ ሰው ነበር። ቆዳ መራጩና ገመድ ሠሪው አንድ ሰው መሆኑ ለሌብነት ያመቻል አለ። ከእንግዲህ ቆዳውን ሦስት የተከበሩ ሰዎች እንዲመርጡ ወሰነ። አንዱ የሹሙ ወንድም ነው፤ ሁለተኛው አማቹ ነው፤ ሦስተኛው ጽሕፈቱ እጅግ የሚያምር ጸሐፊ ነው። ሦስቱም ጥሬ ቆዳ በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ ሽታውንም አይወዱም። ከሩቅ አገር ነጋዴ አሥራ ሁለት ቆዳ ተቀበሉ፤ አሳሰሩት፤ በንጉሡ ማኅተም አሸጉት።

ቢተው ቆዳውን ሊረከብ ወደ አምባው ወጣ። እስሩን በጣቱ አንኳኳ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

«ጌታዬ፣ ይህ ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው» አለ ሹሙን። «ከየዳሩ ትንሽ ትንሽ ቆርጬ በውኃ ልሞክረው።»

«ማኅተም ያለበትን?»

«አውራ ጣት የምታህል ብቻ ነች፣ ጌታዬ።»

«ሳትረከብ የንጉሥ ማኅተም የምትሰብር አንተ ማን ነህ? መጀመሪያ ተረከብ፤ ከዚያ እንደፈለግህ ቁረጠው።»

«ከተረከብኩ በኋላ መጥፎ ሆኖ ቢገኝስ?»

«ከተረከብክ በኋላ መጥፎ ከሆነማ ያበላሸኸው አንተ ነሃ!»

ጽሕፈቱ የሚያምረው ሰው ሳቀ። «ደግሞ ቆዳ ፋቂ ከመቼ ወዲህ ነው ዳኛ የሆነው?» አለና መዝገቡን ዘረጋለት። ቢተው ጣቱን ቀለም ነክሮ አኖረ።

ቤቱ እንደደረሰ ማኅተሙን ሰብሮ አሥራ ሁለቱንም ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈ። በነጋታው የሰባቱ ፀጉር በእጁ ላይ እየተነቀለ መጣ። ሽታው ጎረቤት ደረሰ። ሚስቱ አምሳሌ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ወጣች።

«ምንድን ነው የሞተው?» አለችው።

«እስካሁን ማንም አልሞተም» አላት።

ከሰባቱ አንዱን ተሸክሞ እንደገና ወደ አምባው ወጣ። ሹሙ ቆዳው ደጃፉን እንዲያልፍ አልፈቀደም፤ ቢተውንም ከነሸክሙ ውጭ አቁሞ አነጋገረው።

«ተረክበሃል?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ማኅተሙን ሰብረሃል?»

«ሰብሬያለሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን ልሁንልህ?»

ቢተው በበሰበሱት ፈንታ ሰባት ደህና ቆዳ ከራሱ ወጪ ገዝቶ እንዲያስገባ ለመነ። ሹሙ ራሱን ነቀነቀ። የግምጃ ቤት ገመድ ከመንደር ቆዳ ጋር አይቀላቀልም አለ። ግንቦት ሳያልቅ ገመዱ ካልደረሰ ሥራው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥም ነገረው።

ቢተው ይህን ለሚስቱ ነገራት።

«እሰይ! ተወዋ» አለችው። «ሌላ ሰው ይሥራው።»

«ሌላ ሰው ከሠራው በተሰቀለ ቀን ይበጠሳል።»

«ይበጠስ! የማን ጥፋት እንደሆነ ያኔ ያዩታል።»

«እነሱ ሲያዩ፣ እላዩ ላይ የተንጠለጠለው ሰውስ?»

ቢተውም ሥራውን ጀመረ።

ስህተቱ ይህ ነው። የእጅ ሙያ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው። ቆዳው የጎደለውን በእጄ እሞላዋለሁ ብሎ አሰበ። ከሰባቱ መጥፎ ቆዳ የበሰበሰውን እየቆረጠ ጣለ። የቀረውን በቀጭኑ ሰንጥቆ ጠፍር አወጣ። ከአምስቱ ጤነኛ ቆዳ የወጣውን ጠፍር በየመሀሉ አስገባ። በስድስት ጠፍር ይገምደው የነበረውን በዘጠኝ ገመደው፤ ቅባት አጠጣው፤ ያላላውን ፈትቶ እንደገና አጠበቀው። በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ ሠርቶ አያውቅም። ሲጨርስ ከቀደሙት አራት ገመዶች ሁሉ ይህኛው ያምር ነበር።

ገመዱ በተሰቀለ ቀን ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ንጉሡ ከአምባው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ የታች ሰው ደግሞ ግርጌው ላይ ተሰብስቦ ያንጋጥጣል። ቢተው ከንጉሡ ፊት እጅ ነሣ።

«ጃንሆይ፣ ይህ ገመድ በደረቅ ቀን ይይዛል። ዝናብ ሲጠጣ ግን አላምነውም። ሐምሌ ሳይገባ ይለወጥ» አለ።

ሹሙ ንጉሡን ቀድሞ መለሰ። «ዛሬ ይይዛል ወይስ አይይዝም?»

«ዛሬ ይይዛል።»

«እንግዲያው ውረዳ!»

ቢተው ገመዱን ጨብጦ ወረደ። ከታች ያለው ሰው ይጮኻል። «ቢተው! አምሳሌ ጥቁር ገዝታለች ወይ?» «ኧረ ቀስ በል፣ ለምሳ ትደርሳለህ!» እግሩ መሬት ሲነካ እልል ተባለ። ከላይ ሹሙ ወደ ጸሐፊው ዘወር ብሎ፣ «ጻፍ» አለው። ጸሐፊው በሚያምር ጽሕፈቱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ገመዱ በሠሪው ነፍስ ተፈትኖ ጸና።»

ሐምሌ ገባ። ገመዱ አልተለወጠም። ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። ገመዱ ውኃ ጠጥቶ አበጠ፤ በእጅ ሲይዙት ይሟልጭ ጀመር። በአራተኛው ቀን ቢተው ከግርጌው ቆሞ ሰው እንዳይወጣ ይከለክላል። ሦስት ውኃ ተሸካሚዎች እንስራቸውን አዝለው መጡ። ከፊት ያለችው ደብሬ የምትባል ጎረቤቱ ነች።

«ደብሬ፣ በእናትሽ ዛሬ አትውጪ።»

«ካልወጣሁ ነገ ሌላ ሴት ይቀጥራሉ። ልጆቼን አንተ ልታበላልኝ ነው?»

«ቆዳው መጥፎ ነው እያልኩሽ! ይበጠሳል።»

ደብሬ ሳቀችበት። «ሂድ ወዲያ፣ አታስፈራራኝ። አንተ የሠራኸው መቼ ተበጥሶ ያውቃል?»

ይህን ብላ ወጣች። ሁለቱም ተከተሏት። ከአምባው ወገብ ላይ ሲደርሱ ገመዱ ተበጠሰ። ሦስቱም ሞቱ።

ለፍርድ ቢተውን ወደ አምባው ያወጡት ከግምጃ ቤት ባወጡት በአሮጌው፣ በአራተኛው ገመድ ነበር። ዝናቡ ገና አላባራም፤ አሮጌው ገመድ እሱንና ሁለት ወታደሮችን አንድ ላይ ተሸክሞ ምንም አልሆነም። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ንጉሡ ጠየቀ። «ገመዱን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጃንሆይ።»

«ይይዛል ብሎ የወረደበትስ?»

«እኔው ነኝ።»

«ቆዳው መጥፎ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ተናግሬያለሁም።»

ሹሙ ተነሣ። «ጃንሆይ፣ ያውቅ ከነበረ እያወቀ ነፍስ አጥፍቷል። አያውቅም ከነበረም ሙያ የለውም፤ ያታልለን ነበር። እስቲ አንዱን ይምረጥ።»

ቢተው ከሁለቱ አልመረጠም። «ቆዳውን የመረጠው ማን እንደሆነም ይጠየቅልኝ» ብቻ አለ።

ንጉሡ መዝገቡ እንዲነበብ አዘዘ። መዝገቡ ላይ የመራጮቹ ስም አልተጻፈም። የተጻፈው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው አሥራ ሁለት ቆዳ በማኅተም እንደታሸገ ቢተው መረከቡን ይናገራል፤ የቢተው ጣት ከሥሩ አለ። ሁለተኛው ገመዱ በሠሪው ነፍስ ተፈትኖ መጽናቱን ይናገራል። ጸሐፊው ሁለቱንም ጥርት ባለ ድምፅ አነበበ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀም።

ቢተው ከአባቱ የወረሰው መፋቂያ፣ ወስፌውና ቢላዋው ተወረሱ። ዳግመኛ ቆዳ እንዳይነካ ተፈረደበት፤ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ሲወጣ የደብሬ ባል ድንጋይ ወረወረበት። ቢተው ዞር ብሎ አላየውም። አምሳሌ ግን ቆማ፣ «አንተ፣ ሚስትህን ለምኗት እኮ ነበር!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ሁለተኛ ድንጋይ አነሣ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር፣ መጨረሻው ላይ እውነት ትወጣለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው አለ። እዚህ አልወጣችም። ቢተው በሰው አገር ድንጋይ ሲሸከም ኖሮ ሞተ። ሹሙ በክብር አረጀ፤ ሲቀበር አምባው ሁሉ አለቀሰለት። ስድስተኛው ገመድ፣ ቢተው እንደተባረረ፣ ከእሱ ጋር ብዙ ዘመን ለሠራ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ያ ሰው ስለ ቆዳ ቢተው የሚያውቀውን ሁሉ ያውቅ ነበር። የታሸገውን እስር ሲያስረክቡት ሹሙ፣ «ቆዳው እንዴት ነው?» አለው። ሰውየው ሳይነካው፣ «እጅግ ያማረ ነው፣ ጌታዬ» ብሎ ጣቱን ቀለም ነከረ። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ እንዳይሆን። ሹሙ ልመናው ተገቢ ነው አለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአዲስ ገመድ መጀመሪያ የሚወርደው እስረኛ ሆነ።

ይህን የሰማ ሁሉ ሹሙን ይረግማል። መርገም ቀላል ነው። ትምህርቱ ግን ከዚያ ይመርራል። ሹሙን ያዳነው የቢተው ጥሩ እጅ ነው። ገመዱ በመናኛ እጅ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ በግንቦት ፀሐይ፣ ንጉሡ እያየ ይበጠስ ነበር፤ የቆዳው ብስባሽም ለሁሉ ይታይ ነበር። ቢተው ግን ከሙያውና ከርኅራኄው የተነሣ ያን ብስባሽ አሳምሮ ሸፈነው። የሸፈነው ነገር ሐምሌን ጠብቆ፣ በስሙ ተማምና የወጣችውን ሴት ገደላት። ዕቃውን የሚመርጠው ሌላ፣ ተጠያቂው ሌላ በሆነበት ቤት ውስጥ የሠራተኛ ትጋት ለክፉ መራጭ ጊዜ ይገዛለታል፤ ለሠራተኛው ግን ክስ ይሆንበታል። ስለዚህ የመራጩ ስም ከሠሪው ስም በላይ ሳይጻፍ ጣትህን ቀለም አትንከር።

ይህን ማለት ግን ለቢተው ጥያቄ መልስ አይሆንም። እምቢ ቢል በግንቦት የሚወድቅ ሰው ነበረ። እሺ ብሎም በሐምሌ ሦስት ሰዎች ወደቁ። አንተ በእሱ ቦታ ብትሆን ገመዱን ትሠራው ነበር?