ትንፋሽ ቆጣሪዎቹ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ትርንጎ የምትባል አራስ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ሴት ናት። ልጅቱ ጤነኛ፣ ወፍራም፣ ጡት ከያዘች የማትለቅ። ትርንጎ ግን እንቅልፍ አጣች። «ዓይኔን ከከደንኩ የልጄ ትንፋሽ ይቆማል» ብላ አመነች። ስለዚህ ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የልጅቱን እግር ጣት በክር አሰረችና ሌላውን ጫፍ በራሷ ጣት ጠመጠመችው። ማንም እንዲያቅፍባት አትፈቅድም። ስምም አላወጣችላትም፤ «ስም ካላት ሞት ጠርቶ ይወስድብኛል» አለች። ስለዚህ ልጅቱ እንዲሁ ሚጣ ነበረች።

ሠላሳ ቀን፣ ሸለብ ከማድረግ በቀር አልተኛችም። አጥሚት ሲሰጧት ይዛው ትረሳዋለች። ግድግዳውን «ዝም በል፣ ቁጥር ታጠፋብኛለህ» ትለው ጀመር። እንዲህ ከቀጠለች እናቲቱም ልጅቱም እንደማይተርፉ ያየ ሁሉ ያውቃል።

ቀድመው የነቁት አማቷ ወይዘሮ አንጓች ናቸው። ሌላ ቤት ቢሆን ሰው እንዳይሰማ ተብሎ በር ይዘጋ ነበር። እሳቸው ግን የእድሩን ጥሩምባ ነፊ ጠሩት።

«ንፋ» አሉት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሳይሞት ንፋ።»

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ለሞት ብቻ ነው የነፋው፤ ሌላ ዜማ አያውቅም። ነፋ። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ መጣ። አንዷ ደረቷን እየመታች ገብታ ትርንጎን አልጋ ላይ ቁጭ ብላ አየቻት። «ውይ፣ አለሽ እንዴ!» አለች፤ ትንሽ ቅር ያላት ትመስል ነበር።

ወይዘሮ አንጓች መሀል ቆሙ። «ምራቴ ታማብኛለች። ሕመሙ የአእምሮ ነው፤ የማፍርበት ነገር የለም። መላ ያለው ይናገር» አሉ። ከለቀስተኞቹ አንዷ እንባዋን እየጠረገች፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ የአእምሮ ሕመም የምታክም ሲስተር ስመኝ የምትባል ነርስ አለች ብላ ተናገረች።

ባሏ ጌጡ ባለጋሪ ነው። ትርንጎ «ከአልጋዬ አልወርድም፤ ሚጣን ንፋስ ይመታብኛል» አለች። ጌጡ አልተከራከራትም። «አትውረጂ» አላት። አራት ሰው ጠርቶ አልጋውን እንዳለ፣ ከነሚስቱ፣ ከነልጁ፣ ከነክሩ ጋሪው ላይ ጫነ። ዙሪያውን በአንሶላ ጋረደና መንገድ ጀመረ። ያየ ሁሉ ቆቡን እያወለቀ ተከተለ።

«ቀብሩ የት ነው?» አለው አንዱ።

«ቀብር አይደለም፣ ሚስቴ ናት!»

«እኮ፣ እግዜር ያጽናህ።»

ከአንሶላው ውስጥ ትርንጎ «ዝም በሉ! ቁጥሬን አጠፋችሁብኝ!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ቆቡን ጥሎ ሮጠ። ጌጡ ግን ሳይቆም፣ ሳያፍር፣ ጤና ጣቢያው በር ድረስ አደረሳት።

ሲስተር ስመኝ አልቸኮለችም። ትርንጎን ስለ እንቅልፏ ብቻ አልጠየቀቻትም፤ ምን እንደምትበላ፣ ማን እንደሚያግዛት፣ ምን እንደሚያስፈራት ጠየቀቻት። ከዚያ ባሏን ለብቻ፣ አማቷን ለብቻ ጠየቀች። በመጨረሻ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠችና እንዲህ አለች፦ «ይህ ሕመም የእሷ ብቻ አይደለም፣ የቤቱ ነው። ሕክምናውም ለሁላችሁም ነው። ቆጠራውን በግድ አታስጥሏት፤ ተጋሩላት።»

በማግስቱ ቀትር ላይ ወይዘሮ አንጓች መድኃኒቱን በሳህን አድርገው አቀረቡ። «ከመቼ ወዲህ ነው በዚህ ቤት ሰው ብቻውን የሚውጠው?» አሉ። ለትርንጎ አንድ፣ ለጌጡ አንድ፣ ለጌጡ እህት ለአዛለች አንድ፣ ለራሳቸው «በዕድሜ እበልጣለሁ» ብለው ሁለት።

«እማ፣ እኔን እኮ አላመመኝም» አለ ጌጡ።

«ሚስትህን ብቻዋን ልታሳምማት ነው? ዋጥ!»

ዋጠ፤ ትርንጎም ዋጠች። አዛለች ግን መድኃኒት ጉሮሮዋን አያልፍም፤ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ወጣችና ጓሮ ተፋችው።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ አንጓች ምስር እየለቀሙ ሰፌዱ ላይ ተኙ። ለሥራ የወጣውን ጌጡን ፈረሱ ራሱ መንገዱን አውቆ፣ ጋሪው ላይ እንደተዘረረ ቤት አመጣው። አዛለች እየጎተተች አስገብታ እናቱ አጠገብ አጋደመችው። ትርንጎ ደነገጠች። «ሞቱ እንዴ!» ሚጣን እንዳቀፈች፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትለመን ከአልጋዋ ወረደች። መስታወት አንስታ አማቷ አፍንጫ ሥር ያዘችው። ይተነፍሳሉ፤ ያውም ምስሩ እስኪዘል። ቢሆንም መቆጠር አለባቸው። ሦስት ሰው ደግሞ ለአንድ ሰው ይበዛል።

ልጇን አየች። ባሏን አየች። አማቷን አየች። ከዚያ ክሩን ከጣቷ ፈትታ ለአዛለች ሰጠቻት።

«አንቺ ሚጣን ቁጠሪ። ጮክ ብለሽ! እኔ እነዚህን እቆጥራለሁ።»

አዛለች ቆጠረች። ችግሩ፣ አዛለች ወሬ ትወዳለች። «አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ ስሚማ፣ የጎረቤታችን ላም ወለደች አሉ፣ አርባ... ስንት ነበርኩ?»

«አርባ ሁለት! ምን ዓይነቷ ናት!»

«መቶ አምስት፣ መቶ ስድስት፣ ጥጃዋ እንዴት ታምራለች መሰለሽ፣ መቶ... ስንት ነበርኩ?»

ዞር ስትል ትርንጎ የአማቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ተኝታለች። አዛለች ከዚያ በኋላ አንድም ወሬ አልጨመረችም። ሚጣ ለጡት እስክትነቃ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል ቆጠረች፤ አራት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ አንድ።

ሲስተር ስመኝ ጉዱን ሰምታ እየሮጠች መጣች። «እማማ፣ የታዘዘው ለእሷ ነው እኮ! የሰው መድኃኒት የዋጠ ላይነቃም ይችላል!»

«ለሁላችሁም ነው ያልሽው አንቺ!»

ሲስተር የቀረውን መድኃኒት ከሳህኑ ሰበሰበች። «እሱስ የእኔም ጥፋት አለበት» አለች። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ቤት ድረስ ትመጣ ጀመር። መድኃኒቱ ለትርንጎ ብቻ፣ ቆጠራው ለሁሉም በተራ ሆነ። ትርንጎም ቀስ በቀስ መተኛት፣ መብላት፣ በአማቷም ማንኮራፋት መሳቅ ጀመረች።

ሚጣ ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያው ቀን ሲቃረብ «አሁን ስም ይውጣላት። ያዳነኝ ሰው ያውጣላት» አለች። ቤቱ ታመሰ።

«ስሟ ሰውነሽ ነው» አሉ ወይዘሮ አንጓች። «ጥሩምባውን ባላስነፋ ማን ያውቅልሽ ነበር? ያስተኛሁሽም እኔ ነኝ፤ እኔ ባልተኛ አትተኚም ነበር።»

«አለኝታ ነው» አለ ጌጡ። «ወሬውን የሰማው ብዙ ነው። እንደ ሬሳ አስሸኝቶ ጤና ጣቢያ ያደረሳት ግን ማነው?»

«ረፍት ነው» አለች አዛለች። «ሁላችሁም ስታንኮራፉ ልጅቱ በማን እጅ ነበረች?»

ሲስተር ስመኝን ዳኚን አሏት። «እኔ መድኃኒት እንጂ ስም አላዝም» አለች። ቦርሳዋን አንስታ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለች። «ለመሆኑ ክሩን ማን ፈታው?»

ሁሉም ትርንጎን አዩ። ትርንጎ ሚጣን አየች።

ሰማንያው ቀን ነገ ነው፤ ልጅቱ አሁንም ሚጣ ናት። እስኪ እናንተ ፍረዱ፦ ሳይሞት ጥሩምባ ያስነፉት አያት፣ አልጋውን ይዞ የተጓዘው አባት፣ ወሬዋን ውጣ የቆጠረችው አክስት፣ ወይስ ክሩን ከጣቷ የፈታችው እናት? ስሙን ማን ያውጣ?