ስለ ድምፁ ያልነገርነው ዘማሪ

አንድ ሰው ነበረ፤ ዘማሪ። ሥራው አናጢነት ነው፤ እሁድ ግን ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጥቶ ሲዘምር ቤቱ ይነቃነቅ ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ያ ድምፅ ነው። «ጌታ የሰጠኝ ይቺኑ ነው» ይል ነበር ራሱ።

ያ ድምፅ ታመመ። መጀመሪያ ያወቀው ማን ይመስላችኋል? እሱ አይደለም። ኪቦርድ የሚመታለት ምህረቱ ነው። ዜማው ከፍ ሲል ድምፁ እንደሚሰነጠቅ ሰማ። ታዲያ ነገረው? አልነገረውም! ኪቦርዱ ላይ ዜማውን በሙሉ ዝቅ የምታደርግ ቁልፍ አለች፤ እሷን ነካ አደረጋት። በወሩ ደገማት። በሌላው ወር ደግሞ ሠለሳት። ዜማው ወረደለት፤ እሱ ግን እንደ ድሮው የዘመረ መሰለው።

ድምፅ ማጉያውን የያዘውስ? ድምፁን የሚያስተጋባ ኢኮ ጨመረለት። እኛስ? ድምፁ እምቢ ሊለው ሲል እልልታውን አቀለጥነዋ! ከመድረክ ሲወርድ ደግሞ እጁን ጨብጠን «ተባርከናል ወንድሜ!» እኔም ብያለሁ። እኔ መጋቢው!

አንዲት ብቻ ደፈረች፤ አቦነሽ የምትባል የኳየር አባል። እሱ በሌለበት ልምምድ ላይ፣ «ኧረ ይሄ ሰው ጉሮሮውን ይታይ! እናንተ ካልነገራችሁት እኔ እነግረዋለሁ» አለች። አፏን አስያዝናት። «የነቀፋ መንፈስ ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ» ያላት ማነው? እኔው ነኝ። ልጅቷ አለቀሰች፤ ሁለተኛም ስለዚህ ነገር አልተነፈሰችም።

ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ «ድምፅህ ከጎረነነ ስንት ጊዜ ሆነው?» አለው።

«ኧረ ዶክተር፣ ድምፄስ ደህና ነው። እሁድ እንኳ ዘምሬያለሁ።»

«አብረውህ ያሉት ምንም አላሉህም?»

«ተባርከናል ነው የሚሉኝ።»

ሐኪሙ ጉሮሮው ውስጥ የካንሰር እብጠት አገኘበት። ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ ይወጣለት ነበር፤ ድምፁም ይተርፍ ነበር። አሁን ነፍሱን ለማዳን ድምፅ የሚወጣበትን ማንቁርቱን ቆርጦ ማውጣት ግድ ሆነ። አወጡት።

ከምህረቱ ጋር ልንጠይቀው ሄድን። አንገቱ ላይ የሚተነፍስበት ቀዳዳ አለ፤ የሚያወራን ደብተር ላይ እየጻፈ ነው። ምህረቱ ተንበርክኮ ሁሉን ነገረው፣ የቁልፏን ነገር ሳይቀር። እኔም የአቦነሽን ነገር ነገርኩት። ሰውየው ጻፈ፦ «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዳይከፋህ ብለን ነው» አለው ምህረቱ።

ሰውየው «አሁንስ አልከፋኝም?» ብሎ ጻፈና ደብተሩን ወደ እኔ አዞረው።

ወገኖቼ፣ ቅድም ኳየሩ ሲዘምር «አሜን! አሜን!» ስትሉ ሰማኋችሁ። የእውነት ነው? ወይስ ስህተታቸውን ለመሸፈን? እልልታችሁን አልጠላም፤ ግን እኛ በእልልታ የሰው ድምፅ ቀብረናል! ደግሞ ፍቅር ብለነው።

እናንተ ዘማሪዎች፣ «ተባርከናል» ሲሏችሁ አመስግኑ። ግን እዚያ አትቁሙ፤ «የት ጋ ነው የተበላሸብኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። እውነቱን የነገራችሁን ሰው አታኩርፉት፤ መንፈስ አለበት አትበሉት። ያቺን ልጅ እንዲህ ብዬ ነው ዝም ያሰኘኋት።

እናንተ ደግሞ ዝም ያላችሁ! ከጎናችሁ ያለው ሰው ሲበላሽ እየሰማችሁ፣ እንዳይከፋው ብላችሁ ቁልፍ የምትነካኩ! ማነው ያ ያልነገራችሁት ሰው? ስሙ አሁን መጣባችሁ አይደል?

እኔ ዘማሪውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ይቅር ብሎኛል፤ በጽሑፍ። እናንተ ግን የእናንተውን ሰው፣ በአፉ ሊመልስላችሁ በሚችልበት ጊዜ ሂዱና ንገሩት።